ያለ ኬሚካል ቲማቲም ለምትተክሉ፦ ዝርያ አነጻጽሮ የሚሰጥ ባለሙያ እንጠቁማችሁ

በመቂ አካባቢ ያለ ኬሚካል ቲማቲም ለምናመርት ሰዎች በሽታ የሚችሉ ዝርያዎችን አነጻጽሮ ያሳየንን የችግኝ ባለሙያ በአደባባይ እናመሰግነዋለን። እጁ ይባረክ! ሳናስፈቅደው ስሙን አናወጣም፤ የምትፈልጉት በውስጥ መስመር ጻፉልን።

ይህ ሰው ዘር ከማስገዛቱ በፊት የጠወለገ ተክል ይነቅላል። ግንዱን ከሥሩ ከፍ አድርጎ ይቆርጥና ጫፉ ንጹሕ ውሃ የያዘ ብርጭቆ ውስጥ እንዲገባ አድርጎ ያንጠለጥለዋል። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ወተት የመሰለ ክር ቁልቁል ከወረደ በባክቴሪያ የሚመጣው አጠውልግ ነው። ክር ሳይወርድ የግንዱ ውስጥ ቡናማ ሆኖ ከተገኘና ቅጠሉ በአንድ ጎን ብቻ ቢጫ ከሆነ ፉዛሪየም የተባለውን የፈንገስ በሽታ ይጠረጥራል። ሁለቱን ማምታታት ያከስራል። ሮማ ቪኤፍ በሚባለው የቲማቲም ዝርያ ስም ላይ ያሉት «ቪ» እና «ኤፍ» ፊደላት ቨርቲሲሊየም የተባለውን ሌላ የፈንገስ በሽታና ፉዛሪየምን እንጂ አጠውልግን አይመለከቱም። «በሽታ ይችላል» ብሎ የሚሸጥ ነጋዴ አልዋሸም፤ የትኛውን በሽታ እንደሆነ ነው ያልተናገረው። ኔማቶድን፣ ማለትም ሥር የሚያጠቃውን ጥቃቅን ትል፣ የሚችሉት ዝርያዎችም የአፈሩ ሙቀት ከ28 ዲግሪ ሲያልፍ ይከዳሉ፤ ለስምጥ ሸለቆ ደግሞ ይህ ሩቅ አይደለም።

ሙከራውን የሚተክለው በሽታው ባለበት ማሳ ላይ ነው። ከእያንዳንዱ ዝርያ 12 ችግኝ በሦስት የተለያየ ቦታ፣ በመስመር መካከል 1 ሜትር፣ በተክል መካከል 30 ሳንቲ ሜትር። በየቦታው አንዱን መደብ ቶሎ ለሚታመም ዝርያ ይተዋል። እሱ ደኅና ከሰነበተ በሽታው አልመጣም ማለት ነውና የሌሎቹ ጤንነት ምንም አያስረዳም። በየሳምንቱ የጠወለገውን ይቆጥራል፤ ምርቱንም ለየብቻ ይመዝናል፤ ሳይታመም ቆሞ ፍሬ የሚነፍግ ዝርያ አለና።

ኬሚካል የተቀባ ሮዝ ዘር አይነካም። ያልተቀባውን በ50 ዲግሪ ውሃ 25 ደቂቃ ያቆየዋል፣ ወዲያው በቀዝቃዛ ውሃ አብርዶ በጥላ ያደርቀዋል። ያረጀ ዘር ይህን ሙቀት ስለማይችል አስቀድሞ ጥቂት ፍሬ ነክሮ ብቅለቱን ያያል። መቀሱን ከተክል ወደ ተክል ሲያልፍ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በተበጠበጠበት ይነክራል።

የሚቀረው ቦዩ ነው። ሁሉንም መደብ በአንድ ቦይ ሲያጠጣ ባክቴሪያው ከላይ ከታመመው ተክል ከውሃው ጋር ይወርድና ታች ያለው ዝርያ ያለ ጥፋቱ ደካማ ይመስላል። ለየቦታው የራሱን ቦይ እንዲያወጣ ከመትከሉ በፊት ንገሩት፤ ካልተነገረው አያደርገውም።