ስታቲስቲክስ ለማስተማር፦ ልጆቹ የሰበሰቡት ዳታ ወይስ የመጽሐፉ?

ወጪ፦ የመጽሐፉ ምንም አያስወጣም፣ ለሌላውም ወረቀትና እስክሪብቶ ይበቃል።

ጊዜ፦ የመጽሐፉ በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ያልቃል። 60 ልጅ ባለበት ክፍል ዳታ ሰብስቡ ካላችሁ ግን ጫጫታው ብቻ ግማሹን ይበላዋል፣ የቤት ስራ አድርጉት።

መረዳት፦ እዚህ ላይ አይገናኙም። አንዴ 5 ልጆችን ከቤት እዚህ ለመድረስ ስንት ደቂቃ ይፈጅባችኋል ብዬ ጠየቅኩ፣ 5፣ 10፣ 10፣ 15፣ 60 አሉኝ፣ ደምረን ስናካፍል አማካዩ 20 መጣ፣ አንዷ ወዲያው "ቲቸር ማንም 20 አላለም እኮ!" አለች። ሚዲያኑ (ከትንሽ ወደ ትልቅ ሲደረደሩ መሃል ላይ የሚውለው ቁጥር) ግን 10 ነው። ያ 60 ደቂቃ በእግሩ የሚመጣው ልጅ ብቻውን አማካዩን ወደ ላይ ጎተተው፣ በመጽሐፉ ቁጥር ይሄን ሳስረዳ ግማሹ ክፍል ያንቀላፋል።

ስጋት፦ የራሳቸው ዳታ የተዘበራረቀ ነው፣ አንዱ በሰዓት አንዱ በደቂቃ ይጽፋል (እሱን ማስተካከሉም ትምህርት ነው ባይ ነኝ)። ክብደትና የቤተሰብ ገቢ ግን በፍጹም አታስጠይቁ፣ ልጅ ይሸማቀቃል።

ፈተና ደርሶ ቀመር ማለማመድ ከሆነ የመጽሐፉ፣ አማካይና ሚዲያን ለምን እንደሚለያዩ ገና እያስጀመራችሁ ከሆነ የራሳቸው።