የፊፕሮኒል ጠብታ ከክረምት ለወጣ ውሻ፦ ገንዘቡን ያወጣል?

ውሻው እየዞረ ጭራው ሥር ራሱን የሚነክስ ከሆነ ነጭ ሶፍት በውኃ አርጥባችሁ ከሥሩ ያዙና ፀጉሩን በጣት ፈትጉት። የሚረግፈው ጥቁር ብናኝ ሶፍቱ ላይ ቀይ ቀለም ከለቀቀ አፈር አይደለም፤ ቁንጫ ጠጥቶ የጣለው ደም ነው። ቁንጫም መዥገርም ሙቀትና ርጥበት አንድ ላይ ሲያገኙ ይራባሉ። መስከረም ደግሞ የክረምቱ ርጥበት ሳይለቅ ፀሐዩን ያመጣላቸዋል።

ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ ባሉ የእንስሳት መድኃኒት ቤቶች “የቁንጫ መድኃኒት” ብሎ ለሚጠይቅ የሚቀርብለት ብዙ ዓይነት ነው፦ ለከብት የተሠራ ፈሳሽ፣ የአንገት ማሰሪያ፣ የሚዋጥ ኪኒን፣ የጀርባ ጠብታ። ለአብዛኛው ግቢ ምርጫችን የፊፕሮኒል ጠብታ ነው። ፍሮንትላይን በሚለው ስም ይበልጥ ይታወቃል፤ በሌላ ስም የሚሸጥም አለ።

አሠራሩን ያላወቀ ግን ገንዘቡን ውኃ ላይ ያፈሳል። መድኃኒቱ ከቆዳው ቅባት ጋር ተቀላቅሎ በአንድ ሁለት ቀን ገላውን ያዳርሳል፤ ከዚያም ፀጉሩ ሥር ባሉት የቅባት ዕጢዎች ተጠራቅሞ ለአንድ ወር ያህል ቀስ እያለ ይወጣል። ቁንጫን በ24 ሰዓት፣ መዥገርን በ48 ሰዓት ውስጥ ይገድላል። ለእንቁጣጣሽ ይመርበት ተብሎ ጠዋት በሳሙና የታሸ ውሻ ማታ ጠብታ ቢደረግለት ታዲያ መድኃኒቱን የሚይዝ ቅባት የለውም። ከጠብታው በፊት 2 ቀን፣ ከጠብታው በኋላም 2 ቀን ገላ መታጠብ የለም።

አጨማመቁም ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በሁለቱ ትከሻዎች መካከል፣ ምላሱ በማይደርስበት ቦታ፣ ቆዳው እስኪታይ ድረስ ፀጉሩን ክፈሉት፤ የብልቃጡን ጫፍ ቆዳው ላይ አስነክታችሁ እስከ መጨረሻው ጨምቁ። ፀጉሩ ቅባት እንደተቀባ ከራሰ ግማሹ ባክኗል። ይቀለናል ብላችሁ ግን ውሻውን አታስላጩት፤ “በጥቅምት አንድ አጥንት” የሚባልለት ብርድ ከፊት አለ፣ ሌሊት ውጭ የሚያድር ውሻ ደግሞ ሌላ ልብስ የለውም።

መጠኑ በኪሎ ነው። በሚሊሊትር 100 ሚሊግራም የያዘው ጠብታ ከ2 እስከ 10 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ 0.67 ሚሊሊትር፣ ከ10 እስከ 20 ኪሎ 1.34፣ ከ20 እስከ 40 ኪሎ 2.68 ይደረጋል፤ ለድመት 0.5 ይበቃል። “መካከለኛ ውሻ ነው” ለሻጩ መልስ አይሆንም። ውሻውን ታቅፋችሁ ሚዛን ላይ ውጡ፣ ከዚያ የራሳችሁን ቀንሱ። ከ8 ሳምንት በታች ላለ ቡችላ አይሰጥም። ጥንቸል ከቶ አታድርጉላት፤ ሊገድላት ይችላል።

“አደረግንለት፣ ቁንጫው ግን አለ” የሚለው ቅሬታ ብዙ ጊዜ የመድኃኒቱ ጥፋት አይደለም። ገላው ላይ የምታዩት ጥቂቱን ነው። እንቁላሉ ወድቆ ምንጣፉና መኝታው ውስጥ እጭ ይሆናል፤ እጩ በራሱ ድር ተጠቅልሎ ወራት ሊቆይ ይችላል፣ ሙቀትና የእግር ንዝረት ሲሰማው ይወጣል። በአንድ ጠብታ ያቆመ ሰው አዲስ በተፈለፈለው ይሸነፋል። ከመስከረም እስከ ኅዳር በየወሩ አንድ አድርጉ፤ በቤት ያለ ውሻና ድመት ሁሉ በአንድ ቀን ይደረግለት። መኝታው ጨርቅ ከሆነ በየሳምንቱ በፈላ ውኃ ይታጠብ፣ የክረምቱ ጆንያ ከሆነ ይጣል። ጠጥታ የጠገበች የውሻ መዥገር ደግሞ ወርዳ ግድግዳ ትወጣለች፤ በቆርቆሮው ጥግና በድንጋይ አጥሩ ስንጥቅ ውስጥ በሺህ የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። ስንጥቁን በሲሚንቶ መድፈን ከሌላ ብልቃጥ ይሻላል።

የጠብታው ድካም መዥገር ላይ ነው። ይገድላል እንጂ እንዳይነክስ አያደርግም፤ 48 ሰዓቱ ሳይሞላ በሽታ ሊተላለፍ ይችላል። ስለዚህ ከጆሮው ውስጥ፣ ከጣቶቹ መካከልና ከማሰሪያው ሥር በየቀኑ በእጅ ዳስሱት። ያገኛችሁትን በወረንጦ ከቆዳው ጋር አስጠግታችሁ ያዙና ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ፤ ላምባ ማፍሰስ ቆዳውን ከማቃጠል በቀር አይጠቅምም። ምግብ ከተወ፣ ድዱ ከነጣ፣ ሽንቱ ከጠቆረ ወይም ከነሰረው በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።

ለከብት የሚሸጠው ፈሳሽ ርካሽ ስለሆነ ያጓጓል። ከእነዚህ አንዱ፣ ዲያዚኖን 60 በመቶ፣ በግምት ተበጥብጦ ውሻ ላይ ሲፈስ ውሻው ይልሰዋል፤ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ ጡንቻው ይንቀጠቀጣል፣ ሊሞትም ይችላል። የአንገት ማሰሪያን በተመለከተ ጥሩዎቹ ለወራት ይሠራሉ፤ መንገድ ዳር የሚሸጠው፣ የመድኃኒቱ ስም እንኳ ያልተጻፈበት ግን ሽቶ የተቀባ ጌጥ ነው። ሁለት ጣት በሚያስገባ ልክ ይታሰር፣ የተረፈው ጫፍ ይቆረጥ።

ስትገዙ ማሸጊያው ያልተከፈተ፣ የኪሎው ልክና ጊዜው የሚያልፍበት ቀን የሚነበብ መሆኑን እዩ፤ መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመውን ተዉት። ድመት ያለው ቤት ከፊፕሮኒሉ ጎን “ፐርሜትሪን” የሚባል ሌላ የተባይ መድኃኒት ተጽፎ እንደሆነ ያንብብ፦ ለውሻ የተዘጋጀው ይህ ድብልቅ ድመት ላይ አንድ ጊዜ ቢፈስ ያንቀጠቅጣታል፣ ሊገድላትም ይችላል። ድመቷ ከውሻው ጋር የምትተኛ ከሆነ ያለ ፐርሜትሪን የተሠራውን ጠይቁ።