«ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ተሠርቷል» የተባለ የድሮ የጓሮ ትራክተር ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

የድሮ የጓሮ ትራክተር ልትገዙ ወይም ያላችሁን ልታሳድሱ ያሰባችሁ ሁሉ ተጠንቀቁ። «ሞተሩ ወርዶ ሙሉ በሙሉ ተሠርቷል» ስለተባላችሁ ብቻ ገንዘብ እንዳትቆጥሩ። ብዙ ጊዜ የተሠራው ቀለሙ ነው።

እኔን የገጠመኝን ልንገራችሁ። ባለ 12 የፈረስ ጉልበት ኮህለር ኬ301 ሞተሬን ለአንድ ሞተር ሠሪ ሰጠሁት። ደረሰኙ ላይ «ክራንክሻፍት ግራይንድ ተደርጓል፣ ቢዬላ ተቀይሯል፣ ፒስተንና ፋሻ አዲስ» የሚል ተጽፎልኝ መጣ። (ክራንክሻፍት የሞተሩ ዋና ዘንግ ነው፤ ቢዬላ ፒስተኑን ከእሱ ጋር የሚያገናኘው ክንድ፣ ፋሻ የፒስተኑ ቀለበት፤ ግራይንድ ማለት ደግሞ በማሽን መሞረድ ነው።) ሞተሩ ያብረቀርቃል፣ ቁልፍ ሲነካ ይነሳል፤ ምን ይወጣለታል? ብዙም ሳያገለግለኝ ግን ሥራ ላይ እያለ ቢዬላው ተሰብሮ የሞተሩን ጎን በስቶ ወጣ። ስናወርደው ጉዱ ታየ። ቢዬላው የሚቀመጥበት የክራንክሻፍቱ አንገት ጭራሽ ማሽን አልነካውም፤ በማይክሮሜትር ሲለካ ሞላላ ሆኗል። ፒስተኑ የዱሮው ራሱ ነው። አዲስ ነገር ቢኖር ፋሻውና ቀለሙ ብቻ።

ይህ ሞተር እንዲህ ዓይነቱን ማጭበርበር አይሸከምም። ባለ አንድ ሲሊንደር የኬ ሞተሮች (ኬ241፣ ኬ301፣ ኬ321፣ ኬ341፤ ከ10 እስከ 16 የፈረስ ጉልበት) የዘይት ፓምፕ የላቸውም። ቢዬላው ታች ላይ ያለችው ትንሽ ጭልፋ ዘይቱን እየመታች ትረጫለች፣ ሞተሩም የሚኖረው በዚያ ነው። ቢዬላው አልሙኒየም ሲሆን መሀል ላይ ቡሽ (ማልበሻ ቀለበት) ሳይገባበት በቀጥታ በብረቱ አንገት ላይ ይሽከረከራል። አንገቱ ሞላላ ከሆነ አዲስ ቢዬላ ማሰር ዋጋ የለውም፤ በአንድ በኩል ይጨብጣል፣ በሌላው ይላላል፣ ከዚያ መምታት ይጀምራል። መፍትሔው አንገቱን ግራይንድ አስደርጎ ቀዳዳው በ0.25 ሚሊ ሜትር የጠበበ ቢዬላ መግጠም ነው። አጭበርባሪ ሠሪዎች የሚዘሉት ይህንኑ ነው፤ ማሽን ቤት ወጪም ጊዜም ይጠይቃል፣ ቀለም ግን ከሰዓት በኋላ ያልቃል።

ልትገዙ ስትሄዱ መጀመሪያ ሞተሩን በእጃችሁ ንኩት። ከመድረሳችሁ በፊት አሙቆ የሚጠብቃችሁ ሻጭ የሚደብቀው ነገር አለው፤ ቀዝቃዛ ሆኖ ሲነሳ የሚያጨሰውን ሰማያዊ ጭስ፣ መጀመሪያ ላይ የሚሰማውን ኳኳታ። ቀጥላችሁ የዘይት መለኪያውን አውጡ። ለእነዚህ ሞተሮች በሙቀት ጊዜ የሚታዘዘው 30 ቁጥር ዘይት ነው። ጠብታው እንደ ማር እየተሳበ የሚወርድ ከሆነ ዘይት ማወፈሪያ ወይም የካምቢዮ ዘይት ገብቶበታል ማለት ነው፤ ሁለቱም ድምፁንና ጭሱን ለጥቂት ጊዜ ያፍናሉ።

«ተሠርቷል» ከተባለ ደግሞ ቴስታው (የሲሊንደሩ የላይ ክዳን) ይፈታ በሉ። ከባድ ነገር አይደለም። ቫልቮቹ ጎን ላይ፣ ብሎኩ ውስጥ ስለሆኑ ቴስታው በብሎን የታሰረ ክዳን ብቻ ነው፤ የሚያስፈልገው አዲስ ጓርኒሲዮን (በመሀል የሚገባ ማሸጊያ) ነው፣ እሱንም እናንተ ልትከፍሉ ትችላላችሁ። ከተፈታ በኋላ የፒስተኑን አናት ጥረጉና ተመልከቱ። ሲሊንደሩ ቦር ተደርጎ (በማሽን ሰፍቶ) ከሆነ ብዙውን ጊዜ አናቱ ላይ 010፣ 020 ወይም 030 ተመትቶበት ታገኛላችሁ፤ በሺኛ የኢንች ክፍል ምን ያህል እንደሰፋ ይናገራል። ምንም ቁጥር ከሌለ፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለ፣ «ቦር ተደርጓል» የሚለው ወሬ ነው። ከዚያ ፒስተኑን ግማሽ መንገድ አውርዱና በአንድ እጅ አናቱን እየተጫናችሁ በሌላው ፍላይዊሉን (ከክራንክሻፍቱ ጋር የሚሽከረከረውን ከባድ መንኮራኩር) በጥቂቱ ወዲያ ወዲህ አድርጉት። ፍላይዊሉ ሲንቀሳቀስ ፒስተኑ ትንሽ ቆይቶ «ቋ» ብሎ ከተከተለ ቢዬላው ልል ነው። ቴስታ አላስፈታም ያለ ሻጭ መብቱ ነው፤ እናንተም ዋጋውን እንዳልተሠራ ሞተር ቁጠሩት።

አንዳንዶቹ ሞተሮች ውስጥ ንዝረት የሚቀንሱ ባላንስ ጊሮች አሉ። እነሱ ሲያረጁ ተላቀው ብሎኩን ሊሰብሩት ይችላሉ፤ ሞተሩ ከወረደ ምን እንደተደረጉ ጠይቁ። ሻጩ ዝም ካለ፣ ሠሪው አላያቸውም።

የቀረውን በአጭሩ። የአየር መምሪያው ቆርቆሮ ይነሳና የሲሊንደሩ ክንፎች ይታዩ፤ ሣርና የአይጥ ጎጆ የሞላበት ሞተር ቢቀባም ይቃጠላል። ሃይድሮስታቲክ (በዘይት ግፊት የሚሠራ) ካምቢዮ ያለው ከሆነ ዘይቱ ወተት መስሎ ከታያችሁ ውሃ ገብቶበታል። የኋላ ጎማ ዋጋ ደግሞ ሰው የሚረሳው ነገር ነው።

ለሠሪ የምትሰጡም የወጣውን ዕቃ በሙሉ እንዲመልስላችሁ ቀድማችሁ በጽሑፍ ተስማሙ፤ ካርቡራተሩን (ነዳጅና አየር የሚቀላቅለውን) በተለይ። ከፋብሪካ የመጣው ብረት ካርቡራተር የላላው ዘንጉ ቡሽ ገብቶለት ዕድሜ ይቀጥላል፤ እሱን ለራሱ አስቀርቶ ርካሽ ኮፒ የሚገጥም አለ። ሞተሩ ያለ ምክንያት ከፍ ዝቅ እያለ ሲጮህ ካርቡራተሩን ጠርጥሩ።

ቢዬላ በተሰበረ ቁጥር የምትሰሙት መልስ አንድ ነው፦ «ዘይት አጉድላችሁ ነው።» እኔም የተባልኩት ይኸው ነበር። ስለዚህ ስብርባሪውን እንዳትጥሉ፤ ሌላ ማሽን ቤት ወስዳችሁ አንገቱን አስለኩና በጽሑፍ ተቀበሉ። በኬ301 ላይ ያልተነካ አንገት 38.1 ሚሊ ሜትር ነው፤ አንድ ጊዜ ግራይንድ የተደረገ ወደ 37.85 ይወርዳል። ደረሰኙ «ግራይንድ ተደርጓል» እያለ አንገቱ አሁንም ከ38 በላይ ከለካ፣ ክርክሩ ስለ ዘይት አይደለም።