ተርብ ያስጨነቃችሁ ሁሉ፣ እኚህን ሰው ጥሩ

ትናንት ማታ ልጄ መስኮቷን ከፍታ ተኛች። ለሌላ ሰው ተራ ነገር ነው። እኔ ግን ሁለት ወር ሙሉ ስጸልይበት የቆየሁት ነገር ስለሆነ ምስጋናዬ ሳይቀዘቅዝ ልጻፈው።

ከበረንዳችን በላይ፣ ከልጄ መኝታ ክፍል መስኮት አጠገብ፣ ግድግዳው ላይ ትንሽ ስንጥቅ አለች። እዚያ ተርብ ገባ። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ስለነበሩ ዝም አልኩ። ከሳምንታት በኋላ ግን የሚገባውንና የሚወጣውን መቁጠር አቃተኝ። ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ስለጥፍ ውስጡ ይንኮሻኮሻል።

የመጀመሪያው የጠራሁት ሰው በጠራራ ፀሐይ መጣ። ብሩን በቅድሚያ ተቀበለ። ከሩቅ ሆኖ የሆነ ነገር ረጨና ሄደ። ከዚያ በኋላ ተርቦቹ አበዱ፤ በረንዳው ላይ መቆም አልተቻለም። ስደውልለት ስልኩ ይጠራል፣ የሚያነሳ የለም። ሁለተኛው ደግሞ ቀዳዳውን በስሚንቶ ደፈነውና «ተገላገልሽ» አለኝ። እውነት መስሎኝ መረቅኩት። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ተርቦቹ ሌላ መውጫ ፈልገው በመብራቱ ቀዳዳ በኩል ልጄ ክፍል ገቡ።

ንብ ሰው ስትነድፍ መንደፊያዋን ትታ ትሞታለች። ተርብ ግን ደጋግሞ ይነድፋል። ልጄን ሦስት ቦታ ነደፏት። ከንፈሯ አበጠ። ምንም ያልነካት ሆዷ ላይ ሳይቀር ሽፍ አለባት። ትንፋሿ ሲያጥር ተሸክሜያት ሐኪም ቤት ሮጥኩ። ያቺን መንገድ እንዴት እንደጨረስኳት ፈጣሪ ነው የሚያውቀው። ደግነቱ በጊዜ ደርሰን ተረፈችልኝ። ቀዳዳውን ለደፈነው ለዚያ ሰውዬ ደውዬ ስነግረው ያለኝን እስካሁን አልረሳውም። «ተርብ ነው እንጂ አንበሳ አይደል፤ ምን ታካብጃለሽ?» ስሙን አልጠራም። ግን ልቤን ነው የሰበረው።

ከዚያ በኋላ ነው ጎረቤቴ እኚህን ሰው የጠቆመችኝ። ጋሼ ነው የምላቸው። ጸጉራቸው የሸበተ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። ደውዬ «የተርብ ጎጆ ነበር» ስል፣ ስለ ክፍያ ሳይሆን በመጀመሪያ የጠየቁኝ «የተነደፈ ሰው አለ?» ብለው ነው። ስለ ልጄ ስነግራቸው ዝም አሉ። ቀጥለው «ደግሞ ብትነደፍ ምን እንደምታደርጊ ሐኪሙ ነግሮሻል?» አሉኝ። አልነገረኝም፤ እኔም በድንጋጤ አልጠየቅኩም። «እንግዲያው መጀመሪያ ተመልሰሽ ጠይቂ። እኔ ጎጆውን የምነካው ከዚያ በኋላ ነው። በዚያን ቀንም ልጅቷ ቤት እንዳትውል፤ ዘመድ ጋ ትሂድ» አሉ። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። አባቴ በሕይወት ቢኖር እንዲህ ነበር የሚለኝ። እሱ ከሞተ ወዲህ የቤቱን ነገር ሁሉ ብቻዬን ነው የምታገለው፤ ሰው እንዲህ ሲያስብልኝ ቶሎ ሆድ ይብሰኛል።

ሐኪሟ ጋ ተመለስን። አስረዳችን፤ ለድንገተኛ ጊዜ አብሯት የሚሆን መድኃኒትም አዘዘችላት። የእሳቸው ጥያቄ ባይኖር ይህን አላገኘውም ነበር።

ጋሼ መጀመሪያ በቀን መጥተው ምንም አልነኩም። ወንበር ጠይቀው ራቅ ብለው ተቀመጡና ግማሽ ሰዓት ያህል ዝም ብለው አዩ። ስንጥቋ አንድ ብቻ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ከጣሪያው ሥር ሌላ መግቢያ አገኙ። ሲመሽ፣ ተርቦቹ ተሰብስበው ሲገቡ፣ ቱታቸውንና የፊት መረባቸውን ለብሰው ተመለሱ። የእጅ ባትሪያቸው ላይ ቀይ ነገር ሸፍነውበታል፤ ቀይ ብርሃን ተርብ ብዙም አይታየውም አሉኝ። ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ነፉበት። እንዴት እንደሚሠራ አስረድተውኝ ነበር፤ ግማሹ አልገባኝም። የገባኝ አንድ ነገር ነው፤ ቀዳዳው እንዳይደፈን። ያ ሰውዬ ያደረገው በትክክል የተከለከለውን ነበር ማለት ነው! ጎረቤት ቤንዚን ደፍታችሁ አቃጥሉት ብሎ መክሮኝ እንደነበር ስነግራቸው ደግሞ ራሳቸውን ያዙ። «ቤቱ ከነልጅሽ ይነድ ነበር እኮ!»

በሦስተኛው ቀን ሳልደውልላቸው መጡ። ፀጥ ብሏል። ግድግዳውን ከፍተው ጎጆውን አወጡ፤ ስንጥቁን ያን ጊዜ ደፈኑት።

አሁን የማልረሳውን ልንገራችሁ። ልጄ ተመልሳ ከበሩ ኋላ ተደብቃ ታያቸው ነበር። በረንዳው ላይ እግሯን ማሳረፍ ፈርታለች። ጋሼ ጓንታቸውን አወለቁ፣ እጃቸውን ታጠቡ፣ በርከክ አሉና «ሚጣ፣ ነይ የሚገርም ነገር ላሳይሽ» አሏት። ከእኛ ቤት የወጣውን መድኃኒት ስለነካው አላሳዩአትም። ከመኪናቸው ካርቶን ውስጥ ሌላ አሮጌ፣ ደረቅ ጎጆ አመጡ። ቀስ ብላ ነካችው። «ወረቀት ነው!» አለች። «አዎ፣ እንጨት እየፋቁ፣ በምራቃቸው እያኘኩ ነው የሚሠሩት» አሏት። የቀዳዳዎቹን ጎን አንድ በአንድ አስቆጠሯት፤ ስድስት፣ ስድስት፣ ስድስት። ሳቀች። ከተነደፈች ወዲህ ስትስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ግቢው ጥግ፣ ማንም የማይደርስበት ዛፍ ላይ ሌላ ትንሽ ጎጆ አለ። እሱንም አንሱልኝ፣ እከፍላለሁ አልኳቸው። «ሩቅ ነው፤ ልጅቷ ወደዚያ ካልሄደች ተዪው። አባጨጓሬ እየለቀሙ አትክልትሽን ይጠብቁልሻል። ወደ ቤት ከቀረቡ ጥሪኝ» አሉኝ። ከኪሳቸው የሚገባውን ብር ትተው እውነቱን ነገሩኝ። እንዲህ ያለ ሰው አለ ወይ?

ስማቸውን እንዳልጽፍ ለምነውኛል፤ አክብሬያለሁ። ስልካቸውን የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ፣ ወዲያው እሰጣለሁ። እባካችሁ፣ ትንሽ ነው ብላችሁ እንደ እኔ አትጠብቁ። ራሳችሁም በዱላ አትሞክሩት። ጋሼን ጥሩ። ስትደውሉ ግን በጠዋት ይሁን፤ ከመምሸቱ በፊት ቁጭ ብለው ማየት ይፈልጋሉ።

ጋሼ፣ ይህን የሚያነብልዎት ሰው ካለ፣ ሚጣ ያችን የሰጧትን ቁራጭ ጎጆ ከመጽሐፎቿ አጠገብ አስቀምጣታለች። ሰላም ብላዎታለች።