ጣት ላይ ላለ የስለት ቁስል፦ ሱፐር ግሉ ወይስ የሕክምና ሙጫ?

ሱፐር ግሉም፣ ሐኪሞች ቁስል የሚዘጉበት የሕክምና ሙጫም ሳያኖአክሪሌት የሚባለው የፈጣን ሙጫ ቤተሰብ ናቸው፤ እርጥበት ሲያገኙ ወዲያው ይደርቃሉ። ሱፐር ግሉ ቁስል ይገጥማል የሚባለው ከመሬት ተነስቶ አይደለም፤ በቬትናም ጦርነት ተመሳሳይ ሙጫ ደም ለማቆም ተረጭቷል።

ልዩነቱ ግን ሰፊ ነው። የቤቱ ሱፐር ግሉ አብዛኛውን ጊዜ ኢታይል የሚባለው ዓይነት ነው። ሲደርቅ ይሞቃል (ጥጥ ከነካማ ያቃጥላል)፣ ጣት ሲታጠፍ ይሰነጠቃል፣ ሲፈርስም ፎርማልዴሃይድ የሚባል ኬሚካል እየለቀቀ ሥጋውን ያስቆጣል። ከጀርም የጸዳም አይደለም። የሕክምናው፣ በተለይ በአሜሪካ በ1998 የተፈቀደው ኦክታይል የሚባለው ዓይነት፣ ቀስ ብሎ ይፈርሳል፣ ከቆዳው ጋር ይተጣጠፋል፣ ከ5 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜም ራሱ ተላጦ ይወድቃል።

አቀባቡም ለውጥ ያመጣል። የቁስሉ ጠርዞች ተገጥመው ሙጫው ከላይ ብቻ ይቀባል። ውስጥ ከገባ መሃል ላይ ተጋርዶ ቁስሉን እንዳይገጥም ያደርገዋል፤ ቆሻሻ ካለም አብሮ ይታሸጋል።

እኔ የሕክምናውን እመርጣለሁ። እሱ ከሌለ ግን ሱፐር ግሉ ሁለተኛ ምርጫዬ አይደለም፤ በንጹሕ ውሃ አጥቦ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጫን አድርጎ ይዞ ማሰር ይቀድመዋል። ቁስሉ ጥልቅ ወይም የንክሻ ከሆነ ሁለቱንም ትቶ ወደ ሐኪም ነው።