አይናቹራሊስት ለእንቁራሪትና ለእባብ፦ ካርታው ላይ ያለውን ባዶ ቦታ አትመኑ

አይናቹራሊስት ስለሚባለው የስልክ መተግበሪያ የሚወራው አብዛኛው ነገር ስለ ወፍና ስለ አበባ ነው። እኔ የምጠቀምበት ለእንቁራሪት፣ ለእስስትና ለእባብ ስለሆነ የምናገረውም ከዚያ አንፃር ብቻ ነው።

ለማታውቁት በአጭሩ፦ ያያችሁትን እንስሳ ፎቶ ታነሳላችሁ፣ ቦታውና ቀኑ አብሮ ይመዘገባል፣ ኮምፒውተሩ ግምቱን ይሰጣል፣ ከዚያ ከየአገሩ ሰዎች ገብተው «እሱ ነው»፣ «ኧረ አይደለም» ይባባላሉ። በ2008 በካሊፎርኒያ፣ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የማስተርስ ተማሪዎች የጀመሩት ነገር ነው። ነፃ ነው፣ ማስታወቂያ የለውም። ኔትወርክ ባይኖርም ችግር የለም፤ መዝገቡ ስልካችሁ ላይ ይቆይና ኔት ስታገኙ ይጫናል። ለገጠር ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ወደ እንቁራሪቶቹ ስንመጣ ኮምፒውተሩ ብዙ አይታመንም። የሚማረው ሰዎች ከጫኑት ፎቶ ስለሆነ ፎቶው ያነሰበት ዝርያ ላይ ግምቱም ይደክማል። የእኛ ደጋ እንቁራሪቶች ደግሞ ለባለሙያውም ፈተና ናቸው። ፕቲካዴና የሚባሉትን፣ እርጥብ ሳር ውስጥ የሚዘሉትን ሹል አፍንጫዎች ውሰዱ። አንዱ ጀርባው ላይ አረንጓዴ መስመር አለው፣ አጠገቡ ያለው የለውም፣ ሁለቱም ግን አንድ ዝርያ ሊሆኑ ይችላሉ። ቁርጥ አንድ የሚመስሉት ደግሞ የተለያዩ ሆነው ይገኛሉ። በ2021 ከኢትዮጵያ ደጋ አራት አዳዲስ የፕቲካዴና ዝርያዎች ሲገለጹ ዘረመላቸው፣ ድምፃቸውና የሰውነት ልካቸው አንድ ላይ ታይቶ ነው የተለዩት። ስለዚህ ከላይ የተነሳች አንዲት ፎቶ ጭናችሁ ስም አትጠብቁ። ጎኗን፣ የጭኗን ጀርባ፣ በእግር ጣቶቿ መሃል ያለውን ስስ ቆዳ አንሱ። ሲመሽ ወንዶቹ መንጫጫት ከጀመሩ ደግሞ ድምፃቸውን ቅዱ፤ መተግበሪያው ድምፅም ይቀበላል፣ ጆሮው የሰለጠነ ሰው ከፎቶው ይልቅ በእሱ ይለያቸዋል።

ለእባብ ዙም የሚባል ነገር አለ፣ እሱን ተጠቀሙ። የሞተም ይመዘገባል፤ መንገድ ላይ መኪና የገጨው እባብ ለሳይንስ ሙሉ መረጃ ነው።

አሁን ዋናው ጉዳይ፣ ካርታው። ነጥቦቹ አዲስ አበባ ዙሪያ፣ ፓርኮቹ ውስጥና ዋና ዋና መንገዶች ላይ ይጠጋጋሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ስልክ የያዘ ሰው የሚሄደው እዚያ ነው። ነጥብ የሌለበት ወረዳ እንቁራሪት የለውም ማለት አይደለም፣ ያነሳት የለም ማለት ነው። ይሄን ረስቶ የዝርያ ስርጭት የሚሠራ ተማሪ የመንገድ ካርታ ሠርቶ ይወጣል።

ሌላም አለ። ስጋት ላይ ያሉ ዝርያዎች ትክክለኛ ቦታቸው ለሕዝብ አይታይም፤ ነጥቡ ወደ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ባለው ሳጥን ውስጥ የሆነ ቦታ ይጣላል። ከሻጭና ከሰብሳቢ ለመጠበቅ ነው፣ እኔም እደግፈዋለሁ። ግን ባሌን አስቡት። ማልኮም ላርጀን በ1991 ለሳይንስ ያስተዋወቃት ኤሪካባትራኩስ ባሌንሲስ የምትባል የጫካ እንቁራሪት ከባሌ ተራሮች በቀር የትም አልተገኘችም፤ እዚያ ደግሞ ከሳነቴ አምባ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ካለው ብርድ፣ ቁልቁል ሐረና ጫካ ለመግባት ያን ያህል ርቀት አያስፈልግም። በ20 ኪሎ ሜትር ስህተት የጫካዋ እንቁራሪት አምባው ላይ ወጥታ ቁጭ ትላለች! ዳታውን ከጂቢአይኤፍ፣ ማለትም የዓለም የዝርያ መዝገቦች ከሚሰበሰቡበት ክፍት የመረጃ ቋት፣ የምታወርዱ ሰዎች፣ የቦታው እርግጠኛነት የሚለውን ዓምድ ሳታዩ ሞዴል ውስጥ አትክተቱ። ከከፍታና ከሙቀት ተነስቶ ዝርያው የት እንደሚኖር የሚገምት ሞዴል በዚህ ነው የሚበላሸው። የሙዚየም ናሙና እስካሁን ያልተተካውም ለዚህ ነው፤ እንስሳው ራሱ አለ፣ ጥርጣሬ ሲመጣ መሳቢያውን ከፍቶ እንደገና መለካት ይቻላል። ፎቶ አይለካም።

ከ5 ኮከብ 4 እሰጠዋለሁ። አንዱን የቀነስኩት በካርታው ነው፤ ባዶው ቦታ ያልታየ መሆኑን ለአዲስ ሰው ጮክ ብሎ ቢናገር ጥሩ ነበር።

ለመጀመር ያሰባችሁ ካላችሁ መጀመሪያ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ላይሰንሱን እዩ። «መብቱ በሙሉ የተጠበቀ» የሚለውን ከመረጣችሁ መዝገባችሁ ወደ ጂቢአይኤፍ አይሄድም። ግቢያችሁ ውስጥ ያገኛችሁትን እስስት ስትጭኑ ደግሞ ቦታውን ደብቁት፣ ቤታችሁን ለዓለም ማሳየት ካልፈለጋችሁ በቀር።