የሪችመንድ የራግቢ ክለብ፦ ወንዶች፣ ሴቶችና ልጆች በአንድ ሜዳ

በደቡብ ምዕራብ ለንደን፣ ከሪችመንድ ባቡር ጣቢያ ብዙም ሳይርቅ በሚገኘው የሪችመንድ አትሌቲክ ሜዳ የሚጫወተው የሪችመንድ የራግቢ ክለብ የወንዶች፣ የሴቶችና የልጆች ቡድኖችን በአንድነት የሚያስተዳድር የአካባቢ ክለብ ነው። በለንደንና በዙሪያዋ የሚኖሩ ወገኖቻችን ልጆቻቸውን ወደ እግር ኳስ ወይም ወደ ሩጫ መውሰድን የለመዱ በመሆናቸው፣ ስለዚህ ዓይነቱ ክለብ በአማርኛ የሚጻፈው እጅግ ጥቂት ነው። ክለቡን በተመልካችነት ተከታትዬ የደረስሁበት አስተያየት ግን የማያወላዳ ነው፤ ልጁን፣ በተለይም ሴት ልጁን፣ በስፖርት አማካይነት ከሚኖርበት አገር ሕዝብ ጋር ለማስተዋወቅ የሚፈልግ ወላጅ ይህን ክለብ ሳያይ ሌላ ቦታ ባይወስን እመክራለሁ። ይህን የምለው ሜዳው ስላማረ ወይም ክለቡ ዋንጫ ስላበዛ ሳይሆን፣ ሴቶችና ልጆች እዚህ ቤት ውስጥ ከዋናው የወንዶች ቡድን እኩል ባለቤቶች ሆነው ስላየኋቸው ነው።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ለመግለጽ ያህል፣ በእያንዳንዱ ወገን 15 ተጫዋቾች ለ80 ደቂቃ ይፋለማሉ፤ ሞላላውን ኳስ በእጅ ማቀበል የሚፈቀደው ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ ብቻ ሲሆን፣ ኳሱን ከተጋጣሚው የጎል መስመር አሳልፎ መሬት ያስነካ ቡድን አምስት ነጥብ ያገኛል። ከዚያ በኋላ የሚመታው ኳስ በቋሚዎቹ መካከል ካለፈ ሁለት ነጥብ ይጨመራል፤ የቅጣት ምት ደግሞ ሦስት ነጥብ ያስገኛል። በእግር ኳስ ዳኛን ከብቦ መጮህን ለለመደ ዓይን እንግዳ የሚሆነው፣ እዚህ ዳኛውን የማነጋገር መብት በልማድ ለአምበሉ ብቻ የተተወ መሆኑና እርሱም ቢሆን በአክብሮት የሚናገር መሆኑ ነው። ልጆች ይህን ሥርዓት ከትንሽነታቸው ጀምሮ ይማሩታል፤ ለእኔ ይህ ብቻውን ትልቅ ዋጋ አለው።

ክለቡ የተመሠረተው በ1861 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የሪችመንዱ ጸሐፊ ኤድዊን አሽ ከብላክሂዝ ክለብ አቻቸው ጋር ሆነው በታይምስ ጋዜጣ ባወጡት ደብዳቤ መነሻነት፣ የ21 ክለቦች ተወካዮች በጥር 1871 ለንደን ውስጥ ተሰብስበው የእንግሊዝ ራግቢ ኅብረትን መሥርተዋል። በጥቅምት 1909 የእንግሊዝ ራግቢ ዋና ስታዲየም በሆነው ትዊክናም ላይ የመጀመሪያው ግጥሚያ ሲደረግም ሃርለኩዊንስ የተባለውን ክለብ የገጠመው ሪችመንድ ነበር። እንዲህ ያለ ዕድሜ ያለው ተቋም በትናንቱ ብቻ ቢኮራና ለአዲስ ሰው በሩን ቢያጠብ አይገርምም ነበር፤ ሪችመንድን ከዚህ ያዳነው፣ በእኔ ግምት፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ የደረሰበት ውድቀት ነው።

ራግቢ በ1995 ለሙያተኞች፣ ማለትም ተከፍሏቸው ለሚጫወቱ፣ ክፍት ከሆነ በኋላ፣ በ1996 አሽሊ ሌቬት የተባሉ ባለሀብት ክለቡን ገዝተው ብዙ ገንዘብ አፈሰሱበት። ዋናው ቡድን ወደ ከፍተኛው ሊግ ወጣ፤ በ1998ም የትውልድ ሜዳውን ትቶ በሬዲንግ ከተማ በሚገኘው ትልቅ ስታዲየም መጫወት ጀመረ። ባለሀብቱ እጃቸውን በሰበሰቡ ጊዜ ግን ሁሉም ነገር ፈረሰ፤ በ1999 ክለቡ ዕዳውን መክፈል ተስኖት በኪሳራ አስተዳዳሪዎች እጅ ወደቀ፣ የሙያተኛው ቡድንም ለንደን ስኮትሽ ከተባለው ክለብ ጋር ተጠቃልሎ ለንደን አይሪሽ ከተባለው ሌላ ክለብ ጋር እንዲዋሃድ ተደረገ። አባላቱ ክለቡን እንደገና በአማተርነት አቋቁመው ከሊጉ የታችኛ እርከኖች ጀመሩ፤ ከዓመታት ትግል በኋላም በ2016 ወደ ሁለተኛው እርከን፣ ወደ ቻምፒዮንሺፕ፣ ለመመለስ በቁ። ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ባለጸጋ ያቆመው ሲወድቅ፣ በመዋጮና በበጎ ፈቃድ የሚያገለግሉ ሰዎች ያቆሙት ግን መትረፉን ያየ ክለብ ለአባላቱ የሚሰጠው ክብር ከሌላው ይለያል።

ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ሴቶቹ ቡድን፣ ልመለስ። የሪችመንድ ሴቶች ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የተደራጁ ሲሆን፣ ለእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን በርካታ ተጫዋቾችን አበርክተዋል፣ የአገሪቱንም ሊግ ደጋግመው አሸንፈዋል። ከዋንጫው ሁሉ በላይ የምቆጥረው ግን በ1991 የሠሩትን ሥራ ነው። የዚህ ክለብ አባላት የነበሩት ዴቦራ ግሪፊን፣ ሱ ዶሪንግተን፣ አሊስ ኩፐርና ሜሪ ፎርሳይት የመጀመሪያውን የሴቶች ራግቢ የዓለም ዋንጫ በዌልስ አዘጋጁ። የዓለም አቀፉ የራግቢ አካል በወቅቱ ዕውቅና አልሰጣቸውም፤ አብሯቸው የቆመ ትልቅ ስፖንሰርም አልነበረም። እንዲያም ሆኖ 12 አገሮች ተሰባሰቡ፤ የሶቪየት ኅብረት ቡድን በእጁ የውጭ ምንዛሪ ስላልነበረው ቮድካና ካቪያር ይዞ መጥቶ ወጪውን በሽያጩ ለመሸፈን ሞክሯል። ካርዲፍ ላይ በተደረገው ፍጻሜ አሜሪካ እንግሊዝን 19 ለ 6 አሸነፈች፤ ከአዘጋጆቹ አንዷ የሆነችው ሱ ዶሪንግተንም በዚያው ፍጻሜ ለእንግሊዝ ተሰልፋ ተጫውታለች። ዓለም አቀፉ አካል ውድድሩን በይፋ የመዘገበው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

በመስከረም 2025 እንግሊዝ ካናዳን 33 ለ 13 ያሸነፈችበትን የሴቶች የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ትዊክናም ተገኝቶ የተመለከተው ሕዝብ 81,885 ነበር፤ በዚያው ዓመት ዴቦራ ግሪፊን የእንግሊዝ ራግቢ ኅብረት የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆናለች። ያ ታላቅ ስታዲየም ከሪችመንድ ሜዳ የአጭር ጉዞ ያህል ብቻ ይርቃል። በልጆች ቡድን ውስጥ ያለች አንዲት የዐሥር ዓመት ልጅ ይህን ታሪክ የሠሩት እርሷ በምትለብሰው የወርቅማ፣ የቀይና የጥቁር ማልያ የተጫወቱ ሴቶች መሆናቸውን ማወቋ ምን ያህል ጉልበት እንደሚሆናት ለመገመት አያዳግትም።

በዚህ ረገድ ክለቡ ያጣው ነገር መኖሩን ግን መሸሸግ አይገባም። በ2017 የተጀመረው አዲሱ የሴቶች ከፍተኛ ሊግ ሲቋቋም ሪችመንድ ከመሥራቾቹ አንዱ የነበረ ሲሆን፣ በ2020 ቦታዎቹ እንደገና ሲደለደሉ ከሊጉ ውጭ ሆኗል። ከፍተኛው እርከን የሙሉ ጊዜ አሰልጣኞችን፣ የሕክምና ባለሙያዎችንና ሰፊ በጀትን የሚጠይቅ በመሆኑ፣ በአባላት መዋጮ የሚተዳደር ክለብ በትልልቅ ሙያተኛ ክለቦች ድጋፍ ከሚንቀሳቀሱ ቡድኖች ጋር መፎካከር ይከብደዋል። ለሴቶች ራግቢ መሠረት የጣለ ክለብ በዚህ መንገድ ከከፍተኛው ሊግ መውጣቱ ያሳዝነኛል፤ ፍትሐዊ ነውም አልልም። ብሔራዊ ማልያ የምታልም ወጣት አንድ ደረጃ ላይ ስትደርስ ወደ ሌላ ክለብ መሄድ ሊኖርባት እንደሚችል ወላጅ አስቀድሞ ቢያውቅ ይበጃል።

ወላጆች ሁሉ የሚጠይቁት ስለ ጉዳት ነው፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። በእንግሊዝ የልጆች ራግቢ ደንብ መሠረት ከሰባትና ከስምንት ዓመት በታች ባሉት ምድቦች ልጆች ተጋጣሚን ይዘው አይጥሉም፤ በወገባቸው ላይ የታሰረውን ቁራጭ ጨርቅ ተጋጣሚው ሲነጥቅ እንደተያዙ ይቆጠራል። ይዞ መጣል የሚጀመረው ከዘጠኝ ዓመት በታች ባለው ምድብ ሲሆን፣ እርሱም ደረጃ በደረጃ ነው። ወንዶችና ሴቶች ልጆች እስከ 11 ዓመት በታች ምድብ ድረስ አብረው መጫወት ይችላሉ፤ ከዚያ በላይ ሴቶቹ የየራሳቸው ምድብ አላቸው። ከ2023 ጀምሮ በአካባቢ ክለቦች ደረጃ ተጋጣሚን ከደረት አጥንት ግርጌ በላይ መያዝ የተከለከለ ነው። ጭንቅላቱን ተመትቷል ተብሎ የተጠረጠረ ተጫዋች ወዲያው ከሜዳ ይወጣል፣ በዚያ ቀን አይመለስም፤ በአካባቢ ክለቦች ደረጃ ደግሞ ቢያንስ 21 ቀን ሳይሞላው ወደ ግጥሚያ አይገባም። አደጋው ጨርሶ የለም ማለት አይደለም፤ ራግቢ ከባድ ጨዋታ ነው፣ ልጁም ወላጁም ይህን አውቀው ሊወስኑ ይገባል። ነገር ግን ደንቡ በወረቀት ላይ ያለ ብቻ ሳይሆን በሜዳው ዳር የሚሠራበት ነው።

ሌላው በጣም የማደንቀው ደንብ፣ ለግጥሚያ የተመረጠ ልጅ ሁሉ ቢያንስ የጨዋታውን ጊዜ ግማሽ እንዲጫወት የሚያስገድደው ነው። ቀርፋፋውም፣ ፈሪውም፣ ጀማሪውም ይሰለፋል። በተቀያሪ ወንበር ላይ ወቅቱን ሙሉ ተቀምጦ የሚከርም ልጅ የለም። ወፍራሙ ልጅ በመጋፋቱ ሲጠቅም ቀጭኑ በሩጫው ይጠቅማል፤ በሌሎች ስፖርቶች ሰውነታቸው አይመጥንም የተባሉ ልጆች እዚህ ቦታቸውን ሲያገኙ ማየት ያስደስታል።

ስለ ሜዳው ብዙ የምለው የለኝም። ለንደን ስኮትሽም የሚጫወተው እዚሁ በመሆኑ ቅዳሜና እሑድ ሥፍራው ይጨናነቃል፤ በጥርና በየካቲት ነፋሱና ጭቃው ቆሞ ለሚመለከት ይከብዳል። ከግጥሚያ በኋላ ባለሜዳው ቡድን እንግዳውን ማብላቱ የቆየ የራግቢ ልማድ ሲሆን፣ እንግዳ ተቀባይነትን ለሚያውቅ ሕዝብ ይህ ወዲያው የሚገባ ነገር ነው። የሚከብደው ሌላ ነው። ሪችመንድ ባለጸጎች የሚበዙበት ሰፈር ነው፣ ራግቢም በእንግሊዝ ለረጅም ዘመን ከውድ የግል ትምህርት ቤቶች ጋር ተያይዞ የኖረ ጨዋታ ነው፤ የእኛን መልክ የያዘ ቤተሰብ መጀመሪያ ሲመጣ ብቸኝነት ሊሰማው ይችላል። እንዲህ ያሉ ክለቦች ሰውን እስኪመጣ ከመጠበቅ ይልቅ ወደ ሌሎች ሰፈሮችና ትምህርት ቤቶች ወጥተው ቢጋብዙ እወዳለሁ።

ለመሞከር ለሚያስብ ወላጅ፣ የጨዋታው ወቅት በመስከረም ስለሚጀመር በነሐሴ መጨረሻ ክለቡን ማነጋገር የተሻለ ነው። ወደ ሪችመንድ የዲስትሪክት መስመርም፣ ከዋተርሉ የሚነሣው ባቡርም ያደርሳል። ታኬታ ጫማ፣ የጥርስ መከላከያና ለጭቃ የማይሳሳለት ልብስ ለመጀመሪያው ቀን ይበቃል፤ ማልያውን ልጁ ጨዋታውን መውደዱ ከታወቀ በኋላ መግዛት ይቻላል። የአባልነት መዋጮው ለቤተሰቡ የሚከብድ ከሆነ ከመመዝገብ በፊት ስለ ቅናሽ በግልጽ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ጥያቄው በአካባቢ ክለቦች ዘንድ የተለመደ ስለሆነ ማንም ሊያፍርበት አይገባም።